እንግዳ ሜዳ

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ቀን ተኩል በመኪና በሚያስኬድ ሸለቆ ውስጥ የመስክ ቡድን መሪያችንን ጋሽ ምትኩን ኋላ ኋላ እየተከተልኩ እሄዳለሁ። በአንድ እጄ የናሙና ከረጢት ይዣለሁ፣ በሌላው ኮፍያቸውን። ከኋላችን ጎኑ ተገምሶ የወደቀ ትልቅ ገደል አለ፤ ጠባሳው ከሩቅ ይታያል። መቼ እንደወደቀ የሚያስታውስ ሰው የለም። ጋሽ ምትኩ ያንን ሁሉ መንገድ የመጡት ለገደሉ ሆኖ ሳለ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ወንዙን ተሻገሩ፤ የማዶውን ዳገት ወጡ፤ ጎጆ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ሲያገኙ ቆሙ።

«ይህቺ ከየት መጣች?» አሉኝ።

«ከላይ ወድቃ ነዋ።»

«ከየትኛው ላይ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ከበላያችን ያለው ቀይ አፈር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥቁር ድንጋይ ያለው ወንዙን ተሻግሮ፣ ትተነው የመጣነው ገደል ላይ ነው።

«ከዚያ ማዶ? ወንዙን ተሻግራ? ከዚያ ደግሞ ሽቅብ?»

«ሽቅብ» አሉ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው መላጥ ጀመሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ድንጋይና የብርቱካኑን ሽታ ግን አልረሳሁም። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ድንጋዮች ወንዝ ሲሻገሩ አያለሁ። አይጮሁም፤ ዝም ብለው፣ እንደ መንጋ ተጠጋግተው፣ መሬቱን የነኩም ያልነኩም ሳይመስሉ ያልፋሉ። እነቃና ለትንሽ ጊዜ የት እንዳለሁ አላውቅም። ከዚያ የለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ረዳት ሲጣራ እሰማለሁ፤ ቤቴ ነኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሽኝቱ ቀን ወጣቶቹ አበባ ሰጡኝና ንግግር አድርጊ አሉኝ። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ይህን የማያውቅ የመሥሪያ ቤታችን ሰው የለም። ያን ቀን ግን ሁለት ቃል ተናግሬ ተቀመጥኩ። አንዷ ልጅ ቆየት ብላ መጥታ፣ «እትዬ ዘነበች፣ እኛ ኮምፒዩተር ላይ እናሰላዋለን እንጂ አይተነው አናውቅም፤ እውነት ድንጋይ ያን ያህል ሩቅ ይሄዳል?» አለችኝ። ይኸው፣ ለእሷ መልስ ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት።

የጀመርኩት በጽዳት ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ መሥሪያ ቤታችን የድንጋይ መጋዘን ነበረው። ለእናቴ ስነግራት፣ «ድንጋይ ይቆለፍበታል? ማን ሊሰርቀው?» ብላ ሳቀች። ከየክፍለ ሀገሩ የተለቀመ ድንጋይ በጨርቅ ከረጢት ይመጣል፤ ቁጥሩ በቀይ ቀለም ይጻፍበታል፤ በእንጨት ሣጥን ይደረደራል። የእኔ ሥራ አቧራውን መጥረግ ነበር። አቧራውም አንድ ዓይነት አይደለም። ግራጫ አለ፣ ዝገት የመሰለ አለ፣ ትንሽ አረንጓዴ የሚል አለ። ዓመት ሳይሞላኝ መጥረጊያዬ ላይ ያለውን አቧራ አይቼ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደገባ ማወቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀን መደርደሪያ ተደረመሰና የሦስት ወረዳ ድንጋይ ተቀላቀለ። ባለሙያዎቹ ራሳቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ተቀምጬ በቀለሙ፣ በክብደቱ፣ እያንኳኳሁም በድምፁ ለየሁት። ጋሽ ምትኩ የዚያን ጊዜ የመስክ ቡድኑ መሪ ናቸው። መጡ። ከዚያ ከለየሁት ውስጥ አንድ አንስተው፣ «ይህንን ለምን እዚህ አደረግሽው?» አሉ።

«ድምፁ አይመሳሰልም። የዚያ ወገን እንደ ደወል ይጮሃል፤ ይሄ ግን ‹ዱብ› ነው የሚለው።»

«ለምን ዱብ አለ?»

«ውስጡ ተሰንጥቆ ይሆናላ።»

በሚቀጥለው ጉዞ ከላንድሮቨሩ ኋላ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ደብዳቤዬ ግን ስንት ዓመት «የጽዳት ሠራተኛ» እንዳለ ቆየ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። በምሳ ሰዓት መዝገበ ቃላት ይዤ ሪፖርቶቻቸውን እየቆጠርኩ አነብ ነበር። መጀመሪያ ላይ በቀን አንድ መስመር፣ በኋላ ገጽ።

ጋሽ ምትኩ ሦስት ልማድ ነበራቸው፤ የቀረውን ሁሉ ያስተማረኝ ሥራው ነው። ናዳ ወደወረደበት ቦታ ሲደርሱ ጀርባቸውን ለተራራው ይሰጣሉ። «ተራራው የሆነውን ሆኗል፤ ነገሩ ያለው ማዶ ነው» ይላሉ። ከዚያ የመጨረሻዋን ድንጋይ ይፈልጋሉ። ከሁሉ ርቃ የሄደችውን። ብርቱካኑም የሚላጠው እሷ ስትገኝ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሙሉ ቀን ሳናገኛት ቀርተን ብርቱካኑ ሳይላጥ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሦስተኛው ልማድ ለአገሬው ሰው የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። «ይህ ቦታ ስሙ ማነው?» ይላሉ። መልሱን ይጽፋሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ለምን ተባለ?» ሁለተኛውን ሲጠይቁ እርሳሱን ያስቀምጡታል። ሰው ታሪክ ሲያወራ እጅ መንቀሳቀስ የለበትም ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ የዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠየቅኳቸው። «ቆይ ጋሼ፣ ድንጋይ ከገደል ወድቆ እግሩ ሥር መከመር አልነበረበትም? ጠጠር ከገልባጭ መኪና ሲራገፍ እዚያው አይደለም የሚቆለለው?»

«ትንሹ ናዳ እንደዚያ ነው። የትልቁ ጠባይ ሌላ ነው። ተራራ የሚያክል ነገር በአንድ ጊዜ ሲወርድ እንደ ጠጠር አይቆለልም፤ ይፈሳል።»

«ለምን?»

«ብዙ ሰው ብዙ ይላል። ከሥሩ አየር አፍኖ እንደ ምንጣፍ ተንሳፍፎ ነው የሚሉ ነበሩ። አንዳንዱ እርስ በርሱ ሲፋጭ ደቅቆ ዱቄቱ ያንሸራትተዋል ይላል። ሌላው ደግሞ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ክብደቱን ማሳረፊያ ጊዜ ያጣል ባይ ነው። እርጥብ መሬት ሲያገኝ ጭቃውን ጠርጎ ይጋልበዋል የሚሉም አሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አላውቅም» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር የተናገሩት፤ ያስገረመኝም እሱ ነው። አለማወቅ እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ከዚያ በፊት አላየሁም።

ከዚያ ያሳዩኝን እስክሞት አልረሳውም። ፊት ለፊታችን ባለው ገደል ላይ ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሯል። ሸለቆውን ተሻግሮ የተነጠፈው ናዳም ላይ ቀዩ ከላይ፣ ግራጫው መካከል፣ ጥቁሩ ታች ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ ተሰባብሮ፣ ያን ሁሉ መንገድ በርሮ፣ ተራውን አልለቀቀም። እንደ ድብልቅልቅ ጎርፍ አልሄደም ማለት ነው። ከላይ ያለው እንደ ተሳፋሪ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው የተጓዘው። ሩጫው ሁሉ ያለው ከሥር፣ ቀጭኗ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕልሜ ውስጥ ድንጋዮቹ የማይጮሁት ለዚህ ይመስለኛል።

ጋሽ ምትኩ ጡረታ ከወጡ በኋላ እኔ ቆየሁ። ደብዳቤዬም ተስተካከለ፤ «ከፍተኛ የመስክ ቴክኒሺያን» የሚል ማዕረግ መጣ። ስምንተኛ ክፍል ተምሬ እዚህ ደረስኩ ብዬ በሆዴ ኩራት ነበረኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ላይ ነው እንግዳ ሜዳ የተላክነው።

ከአንዲት መንደር በላይ ያለው ገደል መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጥቁ ውስጥ በግ ወድቆ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሲጮህ እንደሰሙት ነገሩን። በገደሉ እግር ሥር ያሉት ቤተሰቦች ክረምቱ ሳይገባ መነሳት ነበረባቸው። ጂኦሎጂስታችን ስንጥቁን ሊለካ ላይ ወጣ፤ ሰዎቹ የሚሰፍሩበትን ቦታ መምረጥ ለእኔ ተተወ። የነበረን ጊዜ ሁለት ቀን ነው።

በትንንሽ ናዳ ያየሁትን ያዝኩ። ድንጋዩ ከወደቀበት ከፍታ እጥፍ ያህል ርቆ ይቆማል። ለጥንቃቄ ሦስት እጥፍ አደረግኩት። ከዚያ አልፎ፣ አምስት እጥፍ ያህል ርቀት ላይ፣ ለጥ ያለ የሚያምር መስክ አለ። ምንጭ በቅርብ አለው። እዚህም እዚያም ሽበት ያወጡ የመሰሉ ድንጋዮች ተቀምጠውበታል። አንዱ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ። ጥቁር ነው፣ የገደሉ ዓይነት። ለአጥር ወይም ለቤተ ክርስቲያን ግንብ ብለው ያመጡት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ድንጋይ የት እንደተወለደ ሳጣራ የኖርኩ ሴት፣ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ አልጠየቅኩትም።

ከመስኩ ጥግ ላይ አዛውንት ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ አባባ ደርቤና እማማ ሽታዬ። አባባ ደርቤ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው አጎዛ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሊነሱ ካሉት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ዘመዶቻቸው ናቸው። ደብተሬን አወጣሁ።

«አባባ፣ ይህ ቦታ ስሙ ማነው?»

«እንግዳ ሜዳ ነው፣ ልጄ።»

እንግዳ ሜዳ! ልቤ ቀለጠ። ወዲያው ታየኝ። ጥንት ከሩቅ የመጡ መንገደኞች በቅሎአቸውን ፈትተው፣ ከምንጩ ጠጥተው፣ በዚያ መስክ ሲያድሩ። ለታቦት ንግሥ የመጡ እንግዶች ድንኳን ሲተክሉ። ታሪኩን ሳልሰማ ጨርሼ ሠራሁት። አሁን ደግሞ የራሳቸው ዘመዶች እንግዳ ሆነው ሊመጡ ነው፤ ምን ዓይነት የሚያምር ነገር ነው አልኩ።

አባባ ደርቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሙን ያገኘውማ...» ብለው ሲጀምሩ ሾፌራችን ከመንገዱ ጥሩምባ ነፋ። ዝናብ እየመጣ ነው፤ ወንዙ ከሞላ መኪናው አይሻገርም።

«ይቅርታ አባባ፣ ለሌላ ጊዜ ያጫውቱኛል» ብዬ ተነሳሁ።

እርሳሴ እጄ ላይ ነበር። አላስቀመጥኩትም።

በሪፖርቱ ላይ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቦታው ከጥንት ጀምሮ የእንግዳ ማረፊያ በመሆኑ ለሰፈራ ምቹ ነው።» ኃላፊያችን አንብቦ፣ «ዘነበች፣ አንቺ እኮ ሪፖርትም ተረት ታስመስይዋለሽ» ብሎ ሳቀና ፈረመ። በማግስቱ በኖራ ነጭ መስመር አሠመርን። ድንጋዩ ከዚህ አያልፍም አልኳቸው። ሰዎቹ ከመስመሩ ወዲህ፣ እንግዳ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉ።

ገደሉ የወረደው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጠዋት፣ የቅዳሴ ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ በዓል ስለነበር መንደሩ በሙሉ ሸንተረሩ ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ነበር። እማማ ሽታዬ በኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው። ከዚያ ድምፅ። ከዚያ ሸለቆው እንደሚፈላ ድስት ጨሰ። «አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ ሳልጨርስ አለቀ» አሉኝ። ድንጋዩ የረጠበውን የእርሻ መሬት አግኝቶ የኖራዬን መስመር እንደሌለ ቆጥሮ አልፎት ሄደ። እንግዳ ሜዳን ሸፍኖ ከዳር ቆመ።

አባባ ደርቤ መሄድ ስለማይችሉ የዘመዶቻቸውን ድንኳን ሲጠብቁ ነበር። አልተገኙም።

ዜናውን የሰማሁት መጋዘን ውስጥ ነው። ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልወቀሰኝም። ጂኦሎጂስቱ፣ «ይህን ያህል ርቀት ማን ይጠብቃል» አለ። እኔ ግን ጠብቄ ማወቅ ነበረብኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ማዶ ተሻግራ ሽቅብ የወጣች ድንጋይ አይቻለሁ።

ታናሽ እህቴ አልማዝ በመካኒሳ የእህል ሱቅ አላት። የዚያን ሰሞን ቤት መሄድ ፈርቼ ከእሷ ሱቅ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። አታወራኝም፤ እህሏን ትሰፍራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣሳውን በባቄላ ሞልታ ነቅነቅ ስታደርገው አየሁ። ባቄላው በአንድ ጊዜ ውሃ ሆነ። ለጥ አለ። መነቅነቁን ስታቆም ደግሞ ተመልሶ ባቄላ ሆነ።

«አልማዝ፣ እንደገና አድርጊው።»

«ምኑን?»

«ነቅንቂው።»

«አብደሻል እትዬ?» አለች። ግን ነቀነቀችው።

ከግቢዋ ኋላ ልሙጥ ላሜራ ነበራት። ግማሹን በደረጃው ላይ አጋድሜ ግማሹን መሬት ላይ ዘረጋሁት። አንድ ጣሳ ባቄላ ከላይ ለቀቅኩ። ባቄላ ጠፍጣፋ ስለሆነ አይንከባለልም፤ ይንሸራተታል። ከቁልቁለቱ እግር ሥር ክንድ ያህል ሄዶ ተከመረ። ደጋገምኩት፤ ሁልጊዜ እዚያው። የእኔ ሪፖርት ይህ ነበር። ከዚያ ጋሽ ምትኩ ስለ ዱቄቱ ያሉት ትዝ አለኝ። ከጎኔ የነበረውን ጤፍ ሁለት እፍኝ አንስቼ ከባቄላው ጋር ቀላቀልኩ።

«እትዬ! ጤፉን!»

ለቀቅኩት። ጤፉ በባቄላው መካከል ሾልኮ ታች ወረደ፤ ከሥሩ ገባለት። ባቄላውም በጤፉ ላይ ተሳፍሮ፣ ሳይቸኩል የሚመስል ግን ዓይን የማይከተለው ሆኖ፣ ላሜራውን ጨርሶ ከግቢው ሲሚንቶ ላይ ወጣ። ቆይቼ እንዳየሁት ጤፉ ሲበዛ ደግሞ ባቄላው ሩቅ ሳይሄድ ይቀራል፤ ራሱ ጤፉ ያንቀዋል። ሲያንስም አይረዳውም። ልክ አለው። ብዙ ቀን ስመዝን ከረምኩ። አልማዝ፣ «እህል ተደፍቶ አይታደርም» እያለች ከሥሬ ትለቅም ነበር።

ጋሽ ምትኩ ብስራተ ገብርኤል ነበር የሚኖሩት። ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጤፉ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ስለ አባባ ደርቤ ስነግራቸው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ስሙን ጠይቀሻል» አሉ።

«አዎ።»

«ሁለተኛውን?»

አለመጠየቄን ያውቁታል። ብርቱካን ከሳህኑ አንስተው በእጃቸው ሲያዞሩት ቆዩና ሳይልጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ገደሉ ሁሉም ወርዷል?»

«ግማሹ አለ። ስንጥቁ ወደ ኋላ ሄዷል።»

«ሰዎቹስ?»

«ከናዳው ዳር ተመልሰው ሰፍረዋል። ኃላፊዎቹ እንዲነሱ ነግረዋቸው እምቢ አሉ። ከእንግዲህ የእኛን መስመር አናምንም ብለዋል።»

«እና እዚህ እኔ ዘንድ ምን ታደርጊያለሽ?»

ላሜራውን መኪናው ጣሪያ ላይ ጠፍሬ፣ አንድ ጆንያ ባቄላና ጤፍ ይዤ ለመሄድ ስነሳ አልማዝን ትልቅ ቦርሳ ይዛ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አገኘኋት። «ጤፌን የት እንደምትደፊው ልይ» አለች። 

በቤተ ክርስቲያኗ አውድማ ላይ ላሜራውን እንደ ግቢው ግማሹን አጋድሜ፣ ግማሹን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ሰዉ ከሩቅ ቆሞ ያያል። አንድ ጎልማሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ባለፈው በኖራ፣ ዘንድሮ ደግሞ በባቄላ መጣችብን!» አለ። ሳቁ። አንገቴን ያስደፋ ዓይነት ሳቅ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በቃሌ ነገርኳቸው። አሁንም ግማሹ ገደል እንዳለ፣ እሱም ሲወርድ ዛሬ የሰፈሩበት ቦታ እንደሚደርስ ነገርኳቸው።

እማማ ሽታዬ ከሴቶቹ መሐል ወጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ከላሜራው ዳር ተቀመጡና ከመሬት አንዲት ጠጠር አንስተው መሬት ላይ በተዘረጋው በኩል አስቀመጡ።

«ይህቺ ደርቤ የነበረበት ድንኳን ናት» አሉ። «ያሰብሽውን አሳዪኝ።»

ባቄላውን ብቻ ለቀቅኩ። ከጠጠሯ ርቆ ቆመ።

«የሆነውን አሳዪኝ።»

ጤፉን ቀላቀልኩና ለቀቅኩ። ባቄላው ጠጠሯን ሸፍኖ አልፎ ሄደ።  እማማ ሽታዬ ጎንበስ ብለው ባቄላውን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጠጠሯን አወጧት። መዳፋቸው ውስጥ ያዟት።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚሄደው?» አሉኝ።

«ለምን እንደሚሄድ ሙሉ በሙሉ አላውቅም፣ እማማ። ብዙ የተማሩትም ይከራከሩበታል። እንደሚሄድ ግን አውቃለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ እርሳሴን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ እንግዳ ሜዳ ለምን ተባለ?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «እንግዶቹማ ድንጋዮቹ ናቸው። የአገሩ ድንጋይ አይደሉም፤ ከዚያ ከገደሉ ነው የመጡት። የአያቶቻችን አያቶች ናቸው ስም ያወጡላቸው። ደርቤ ሊነግርሽ ነበር እኮ።»

«ታዲያ እናንተስ ስታውቁ ለምን...»

«አንቺ የድንጋይ አዋቂ ተብለሽ መጣሽ። ያን ቀን እንግዶቹ ላይ ተቀምጠሽ ዳቦ ስትበዪ አየንሽ። አውቃ ነው ብለን» አሉ።

ቃላቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

የት እንስፈር ብለው ሲጠይቁኝ መስመር አላሠመርኩም። በአካባቢው ያለውን መስክ ሁሉ ስሙን እየጠራችሁ ለምን እንደተባለ ንገሩኝ አልኳቸው። ያ የሳቀብኝ ጎልማሳ ጀመረ፤ ሌላው አረመው፤ ሴቶቹ ሁለቱንም አረሟቸው። ከሸንተረሩ ጀርባ ነፋስ በር የሚባል ቦታ አለ። ለምን ተባለ ስላቸው፣ ነፋስ ይበዛበታል፣ ሌላ ምንም መጥቶበት አያውቅም አሉ። እዚያ ሄጄ አንድም ጥቁር ድንጋይ ሳላገኝ ለረጅም ሰዓት ዞርኩ። ክረምቱ ሳይገባ ወደ ነፋስ በር ተነሱ። የቀረው ገደል ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልወረደም። ከለቡ ሆኜ ወደ ማታ የፉሪን ተራራ ሳይ እሱ ነው የሚታየኝ፤ ሲወርድ ማንም እንዳያገኝ እጸልያለሁ።

ያን ቀን አውድማው ላይ ሰዉ ሲበተን እኔ ወደ ነፋስ በር ሄድኩ። ስመለስ አልማዝን ላሜራው አጠገብ ተንበርክካ አገኘኋት። ቦርሳዋ ተከፍቷል፤ ከቤት የያዘችው ወንፊት ነበር። ባቄላውንና ጤፉን ከሣሩ ላይ ሳይቀር ለቅማ ነፋችው። ጤፉን ለብቻ፣ ባቄላውን ለብቻ በጨርቅ ቋጠረች። ሁለቱን ይዛ ሄዳ ለእማማ ሽታዬ ሰጠቻቸው። ከዚያ መጥታ መኪናው ውስጥ ገባች።